ገጽ አርባ ሰባት

የእኔ መኸር በሰኔ ነው፤
ሌላው ገና ሲዘራ፣ እኔ ያኔ ነው የማጭደው፤
ደብረ ማርቆስ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣
ዝናብና ተማሪ እኩል በሚገቡበት
ሁለት በሦስት ቤት።
ጥቁር ልባስ ለብሶ፣ በወርቅ ቀለም ተጽፎ
የሚወጣ ጥራዝ ሁሉ፣ በእኔ እጅ ነው አልፎ።

ልየው ነው ስሜ፤ ሥራዬም ከስሜ አይርቅም፤
እጄ ሲሰፋ ዓይኔ ያያል እንጂ፣ ከስምንተኛ አላለፍኩም።

አንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ የዝንብ እግር ቆጠረ፣
ከጊደር ዓይን ጥግ፣ በረት እያደረ።
ትሁኔ፣ የሒሳቧ፣ መቶ ሠላሳ ገጽ አመጣች፤
ከገጹ ቁጥር በቀር አንድም ቁጥር አጣሁበት።
«ሒሳቡ የታል?» ብላት እስኪያስላት ሳቀች፤
የእኔን ሒሳብ ግን አልሳተችም፣ ቆጥራ ሰጥታኝ ወጣች።
አንዱ የሞተ ኮከብ ብርሃን ከመቼ እንደተነሣ፣
ሌላው ዕቁብተኛ በየትኛው ወር ዕዳውን እንደሚረሳ፣
የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጆሮ ስለ መድከሙ፣
ድልድይ ሳይሰነጠቅ በፊት ከየት እንደሚጀምር ሕመሙ።
የድንች ዋግም ነበረ።
እሱን ጨርሼ አነበብኩት፤ የአባቴን ማሳ አስታውሶኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደራርበው ያድራሉ፤
ሰላም አይባባሉም፣ ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ።
ባለቤቶቹም እንዲያው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ
ስለ ዝናቡ ያወራሉ እንጂ፣ ሥራ አይጠያየቁ።

አምና፣ ሰኔ ሃያ ሦስት፣ ሌሊት መብራት ሄደ፤
በሻማ እየሰፋሁ ሳለ ነፋስ በሩን በረገደ፤
ሁለት ቁልል ወረቀት መሬት ላይ ተዋሐደ።
ተንበርክኬ ለቀምኩ። ቁጥሩን ብቻ እያየሁ ደረደርኩ፤
አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት፤ ጠረዝኩ።

አንዱ የአጉማስ ነው፤ የስናን አፈር ስለ ምን እንደ ኮመጠጠ፤
አንዱ የውብርስት፤ ሙሾ ከአልቃሽ ወደ አልቃሽ ሲሄድ እንዴት እንደ ተለወጠ።

በሳምንቱ ውብርስት መጣች፣ ጥራዟን ታቅፋ፤
ጠበቅኩ፣ ስድቧን እስክትተፋ።
ዝም ብላ ከፈተችው።
ገጽ አርባ ስድስት፣ ከግርጌው፣ የአንዲት እናት ለቅሶ፦

«ምን ጎድሎሽ ነው አፈር፣ ጠግበሽ የማታውቂ፣
የልጄን ትከሻ ምናለ ብትለቂ።»

ገለጠችው። አርባ ሰባት። የአጉማስ ሠንጠረዥ፣
ከሥሩም አንዲት መስመር፦

«የዚህ አፈር ጉድለት ኖራ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይናገር ነበረ።
«ኖራ» አለች ቀስ ብላ። ደግማ፣ «ኖራ»። ድምፅዋ ሰበረ።
እኔ ድንጋዩን አየሁ፣ ተፈጭቶ በጆንያ የሚመጣውን፤
እሷ ልጅቱን አየች፣ ኖራ ቢሆን የምትሆነውን።
እዚህ አገር ቅኔ ቤት ያልገባም ኅብር ይሰማል፤
አጉማስ ግን ይህን አላሰበም። ለሄክታር ሠላሳ ኩንታል፣
ይኸው ነው ያለው።

«ላስተካክለው» አልኩ፤ ቢላዬን አነሣሁ።
«ተው» አለች፤ እጄን ያዘች። «ስንት ለቅሶ ቤት ዞርኩ፣
ስንት አልቃሽ ቀዳሁ፤
ጥያቄውን ሁሉም ያውቀዋል።
መልስ ይዞ የመጣ ግን ይኼ የአፈር ሰው ብቻ ነው።»
ስልኩን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።
ትደውልለት አትደውልለት፣ አላውቅም።

አጉማስስ? እስከ ዛሬ አልተመለሰም።
ፈታኞቹ ፈርመዋል፤ ማኅተሙም አርፎበታል።
ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከአፈርና ከውኃ መደርደሪያ፣
በኩንታልና በሄክታር መሀል አንዲት ሴት ቆማ
ደረቷን ትመታለች፣ ገጽ አርባ ሰባት ላይ፤
እስካሁን የሰማት የለም።
የእርሻ ተማሪ በመጣ ቁጥር ዓይን ዓይኑን አያለሁ፤
እስከ አርባ ሰባት የደረሰ ሰው ፊቱ ያስታውቃል እላለሁ።

ዘንድሮም ሰኔ ገብቷል። ዝንቡም፣ ኮከቡም፣ ዕዳውም
ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ጀርባ ለጀርባ።
ለበሩ መቀርቀሪያ ገዝቻለሁ፤
አልገጠምኩትም።